የልጆቻችን ዕድሜ ለዋንጫ አይሸጥ



በዚህ የአንባብያን ደብዳቤ ገጽ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መጓጓዣና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ፤ የተጻፈውም ሁሉ ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ልጆቻችን የእግር ኳስ ቡድን፣ ይኸውም አንድ ልጅ በየትኛው ቡድን እንደሚመደብና ከአንዱ ወደ ሌላው በምን መንገድ እንደሚያልፍ ጥቂት ቃል ለማለት ፈቃድዎን እለምናለሁ። ነገሩ የጨዋታ ነገር ስለ ሆነ ለቁም ነገር ገጽ የማይበቃ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ፣ ጉዳዩ ከኳስ ሜዳ ይልቅ በእኛ በመንግሥት ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን መሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ ከተማው መውረድ በሚጀምርበት ሠፈር ነው። ቅዳሜ ማለዳ ከቤቱ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። ሯጮች ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ልጆች ደግሞ ማልያቸውን ለብሰው፣ ታኬታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ሜዳ ይወርዳሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ የእኔ ልጅ ነው። በሠፈራችን አቅራቢያ ልጆችን በዕድሜ ከፋፍሎ የሚያሠለጥን ክለብ አለ፤ ስሙን ለመጥቀስ አልፈልግም፤ ምክንያቱም የምናገረው በአንድ ክለብ ላይ ለመክሰስ አይደለም፤ በሌሎችም ዘንድ ያለ ነገር ነውና።

ልጄ ከ13 ዓመት በታች በሚባለው ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል በደስታ ተጫውቷል። ሰውነቱ ትንሽ፣ እግሩ ግን ፈጣን ነው። የተወለደው በኅዳር ወር ነው። የቅርብ ጓደኛውና የክፍል ጓደኛው የሆነ ሌላ ልጅ ደግሞ በዚያው ዓመት በጥር ወር ተወልዷል። ሁለቱ በአንድ መስከረም ትምህርት ቤት ገብተው፣ በአንድ ወንበር ተቀምጠው አድገዋል። በኳስ ሜዳ ግን ሁለቱን የሚለይ አንድ መስመር አለ። ፊፋና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተጫዋቾችን ዕድሜ የሚቈጥሩት ከፈረንጆች ዓመት መባቻ ከጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ቀን ይውላል። እንግዲህ ክለቡ በዚህ ቈጠራ ስለሚሄድ፣ በኅዳር የተወለደው ልጄ 13 ዓመት በሞላው በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ ላይኛው ቡድን እንዲያልፍ ሲታዘዝ፣ በጥር የተወለደው ጓደኛው ግን አንድ ዓመት ሙሉ በታችኛው ቡድን እንዲቈይ ተፈቀደለት።

በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ ወደ ጎን ጠርቶ በትሕትና አነጋገረኝ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ጐበዝ ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይኛው ቡድን ቢያልፍ ዓመቱን ሙሉ ከተቀያሪ ወንበር አይነሣም። የተወለደበትን ቀን ሁለት ወር ብቻ ወደዚህ ቢያመጡት ከእኛ ጋር ይቈያል። እርስዎ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ነዎት፤ የሚተባበርዎ አያጡም» አለኝ። ዝም ብዬ ብመለከተው ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «ለነገሩ ወረቀቱን ማስተካከል ካልቀረ፣ ከሁለት ወር ሁለት ዓመት ይሻላል፤ አምበል ይሆን ነበር» ብሎ ጨመረበት።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቈራጥ ሰው ሆኜ «አይሆንም!» አልሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ወደ ቤቴ ስመለስ በልቤ፣ «ሁለት ወር ምንድር ነው? ማንን ይጐዳል? ደንቡስ ራሱ በፈረንጅ ቀን የተሠራ አይደለምን?» እያልሁ ነበር። በማግሥቱም በአንድ መዝገብ ቤት የሚሠራ የማውቀውን ሰው በስልክ አነጋገርሁት። እርሱም ብዙ ሳያንገራግር፣ «ማመልከቻ ጽፈው ያምጡ» አለኝ። ማመልከቻውንም «በስሕተት የተመዘገበ የልደት ቀን እንዲታረምልኝ» በሚል ርእስ ጻፍሁት። ሃያ ዓመት ያህል ደብዳቤ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ውሸቱ በጣም ያማረ ሆኖ ወጣ።

ማመልከቻው በጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቀን አደረ። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ አንሥቶ አነበበውና፣ «አባዬ፣ አሁን ሰው ዕድሜህ ስንት ነው ቢለኝ የትኛውን ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የወቀሳ አልነበረም፤ ልጁ በእውነት ሊያውቀው ፈልጎ ነው። እኔም የምመልስለት ቃል አጣሁ። ለሠፈር ሰው አንዱን፣ ለአሠልጣኙ ሌላውን በል ልለው ነውን? ለትምህርት ቤቱ አንዱን፣ ለዳኛው ሌላውን? ወረቀቱን በፊቱ ቀደድሁት። ልጄም ወደ ላይኛው ቡድን አለፈ፤ አሠልጣኙ እንደ ተናገረውም ብዙውን ጊዜ በተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በታችኛው ቡድን የእርሱን ቦታ የያዘው ልጅ ደግሞ ጢሙ ማቀንቀን የጀመረ፣ ከአሠልጣኙ ትከሻ የሚደርስ ጐረምሳ ነው፤ በወረቀቱ ላይ 12 ዓመቱ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ይህ ነገር ከየት እንደሚመጣ መመርመር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በአሠልጣኙ ላይ ይጥላል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። አሠልጣኙ የሚመዘነው ስንት ልጅ አስተማረ ተብሎ አይደለም፤ ስንት ዋንጫ አመጣ ተብሎ ነው። ዋንጫ በቶሎ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ያደገውን፣ ጕልበታሙንና ረጅሙን ልጅ ይመርጣል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሲያንሰው ዕድሜው ያለፈውን ያስገባል። ዕድሜው የተቀነሰውም ልጅ ቢሆን ተጠቃሚ አይደለም። ዛሬ ከታናናሾቹ ጋር እየተጋፋ በጕልበቱ ያሸንፋል፤ የኳስን ጥበብ ግን አይማርም፤ ሳያስፈልገው ይቀራልና። ነገ እኩዮቹ ሲደርሱበት ጕልበቱ አይበልጥም፤ ጥበቡም የለውም፤ በእጁ የሚቀረው የማይመስል የልደት ወረቀት ብቻ ነው።

በዚያ ላይ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»። ፊፋ በ2002 ዓ.ም. ናይጄሪያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤም አር አይ መሣሪያ ማስመርመር ጀመረ። የልጅ አጥንት በሚያድግበት ጊዜ በጫፉ ላይ ገና ያልተጋጠመ ስፍራ አለው፤ ዕድገቱ ሲያበቃ ይህ ስፍራ ይዘጋል። መሣሪያውም የሚያየው ይህንኑ ነው። ወረቀት በማኅተም ሊታረም ይችላል፤ አጥንትን ግን ማኅተም አያርመውም። ከዚያም በፊት ቢሆን ነገሩ ያለ ቅጣት አላለፈም። ሜክሲኮ በ1978 ዓ.ም. የዓለምን ዋንጫ ያስተናገደች ታላቅ የኳስ አገር ናት። በ1980 ዓ.ም. ግን ከ20 ዓመት በታች በሆነው ቡድኗ ውስጥ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች ማሰለፏ ስለ ታወቀ፣ ከዓለም አቀፍ ውድድር ሁሉ ለሁለት ዓመት ታገደች፤ በዚህም የተነሣ በ1982 ዓ.ም. በጣሊያን ከተደረገው የዓለም ዋንጫ ቀረች። ጥቂት ሰዎች በወረቀት ላይ የሠሩት ሥራ የአንድን አገር ሕዝብ አሳዘነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ታዲያ እውነተኛው ዕድሜ ቢጻፍስ የአንተ ልጅ ከወንበር ተነሣን?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው ትክክል ነው። ውሸትን ማስቀረት ብቻ በቂ አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ለትንሹ ልጅ የሚራራ መሆን አለበት። በ1980ዎቹ በፈረንጆች አቈጣጠር የካናዳ አጥኚዎች በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን የሆኪ ተጫዋቾች የልደት ወር ቢመረምሩ፣ ከታላላቆቹ ቡድኖች የደረሱት ልጆች ከመጠን በላይ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ሆነው አገኟቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀድሞ የተወለደው ልጅ ከኋለኛው እስከ 11 ወር ስለሚበልጥ በጕልበት ይቀድማል፤ አሠልጣኙም ጕልበቱን እንደ ችሎታ ቈጥሮ ይመርጠዋል፤ የተመረጠውም የበለጠ ስለሚሠለጥን በመጨረሻ በእውነት ይበልጣል። በኳስም ይኸው ታይቷል። በእኛ አገር ደግሞ በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር የተወለዱ ልጆች በትምህርት ቤት ከክፍል ጓደኞቻቸው ታላላቆቹ ሲሆኑ፣ በኳስ ሜዳ ግን የዓመቱ መጨረሻ ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ ትንሹን ልጅ ከመጣሉ በፊት የተወለደበትን ወር ይጠይቃል።

ልጅ በ12 ዓመቱ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ከላይ የጠቀስኋቸውን ወደ እንጦጦ የሚወጡትን ሯጮች ባየሁ ቍጥር አበበ ቢቂላን አስባለሁ። አበበ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ነበረ። በ12 ዓመቱ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ለክቶት «አንተ አትሆንም» ብሎት ቢሆን ኖሮ ምን እናጣ ነበር? «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል በኳስ ሜዳ ላይ መርሳት አይገባንም። በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር የብሔራዊ ቡድናችን የዚያን ጊዜዋን የተባበረች የዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እርሳቸው በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያገለገሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ያላት አገር የልጆቿን ዕድሜ በመቀነስ ዋንጫ መፈለግ አያምርባትም።

እንግዲህ ችግሩን ብቻ ዘርዝሮ ማለፍ ስለማይገባ፣ በትንሹ አስተያየቴ ሊደረግ ይገባል የምለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ክለቦች ልጅን ሲመዘግቡ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከትምህርት ቤት መዝገቡ ጋር ያስተያዩ። የሁለቱ ዕድሜ ካልተስማማ ልጁ አይባረር፤ ወላጅ ተጠርቶ ይጠየቅ።

2ኛ/ ከቡድን ወደ ቡድን ማለፊያው ጊዜ የታወቀ ይሁን፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በግልጽ ሜዳ ላይ ፈተና ይደረግ፤ የተመደቡት ልጆች ስም ዝርዝር ይለጠፍ፤ ያላለፈው ልጅም ምን እንደ ጐደለው በቃል ይነገረው። ልጅን የሚጐዳው ማለፍ አለመቻሉ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደ ቀረ አለማወቁ ይበልጥ ይጐዳዋል። በመጀመሪያው ፈተና የወደቀ በሁለተኛው የሚያልፍበት በር ክፍት ከሆነም ወረቀት መቀየር ማንን ያስመኛል?

3ኛ/ የዓመቱ መጨረሻ ልጆችና ዘግይተው የሚያድጉት፣ በችሎታ ሳይሆን በቁመት ብቻ የቀሩ ከሆነ፣ አሠልጣኙ በግልጽ አስታውቆ ለጥቂት ወራት ከታናናሾቹ ጋር እንዲለማመዱ ይፍቀድ። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ክለቦች ልጆችን በልደት ቀን ብቻ ሳይሆን በሰውነት ዕድገታቸው መድበው የሚያጫውቱበት ጊዜ አለ። ወላጅ በድብቅ የሚያደርገውን ደንብ በግልጽ ቢፈቅደው ውሸት አያስፈልግም ነበር።

4ኛ/ በታናናሾቹ ቡድኖች ዘንድ የዋንጫው ነገር ይቅር። የኖርዌይ ስፖርት ደንብ 11 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የደረጃ ሠንጠረዥ እንዳይወጣ፣ 13 ዓመት ያልሞላቸውም በአገር አቀፍ ሻምፒዮና እንዳይሰለፉ ይከለክላል። ከዚያችው ትንሽ አገር ኤርሊንግ ሃላንድን የመሰለ አግቢ ወጥቷል። ያለ ዋንጫ ተጫዋች አይወጣም የሚሉን ሰዎች ይህን ይመልከቱ።

5ኛ/ ለልጆች ሜዳ ይጠበቅላቸው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ በተዛወረ ጊዜ ስንት ልጅ መጫወቻ እንዳጣ እናስታውሳለን። ሜዳ ሲጠብብ የቡድን ቦታ ይወደዳል፤ ቦታ ሲወደድ ደግሞ አማላጅና ስልክ ይበዛል።

ከሁሉ በላይ ግን ቃሌን የማቀርበው እንደ እኔው በየመሥሪያ ቤቱ ለምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። ዕድሜ በሜዳ ላይ አይቀነስም። የሚቀነሰው በጠረጴዛ ላይ፣ በእኛ እስክሪብቶና በእኛ ማኅተም ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760/2004 ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ የታዘዘው ልጁ በሕይወቱ ሙሉ አንድ ዕድሜ ብቻ እንዲኖረው ነው። ከእኛ መካከል የጡረታ ጊዜው ሲደርስ «የልደት ዘመኔ በስሕተት ተጽፏልና ይስተካከልልኝ» ብሎ ማመልከቻ የሚያቀርብ ባልደረባ ያላየ ማን አለ? ጡረታ የሚወጣው 60 ዓመት ሲሞላ፣ ዕድሜውም የሚቈጠረው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው ቅጽ መሆኑን እያወቀ ይለምናል፤ እኛም በልባችን እንታዘበዋለን። ታዲያ የ12 ዓመት ልጅ ያንኑ ሥራ እንዲማር የምናደርገው በምን ምክንያት ነው? ልጁ ነገ በእኛ ወንበር ሲቀመጥ ወረቀት ለጠየቀው ሰው ምን ያደርግ ይመስላችኋል? የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከአባቱ እጅ አይደለምን?

ስለዚህ አንድ የሠፈር ሰው፣ ወይም አንድ ዘመድ፣ ወይም አንድ አለቃ፣ «ለልጄ ኳስ ነው፤ ምንም አይደለም» ብሎ ሲመጣ፣ በደግነትና በትሕትና «ይቅርታ፣ ይህን አላደርግም» እንበለው። ልጁን ለሜዳ ለማብቃት ሌላ መንገድ አለ፤ ጫማ መግዛት፣ ማለዳ መቀስቀስ፣ ቅዳሜን ከሜዳው ዳር ቆሞ ማሳለፍ። እኔ ራሴ የምጽፈው ከሌሎች የተሻልሁ ሆኜ አይደለም፤ ማመልከቻውን ጽፌ ነበርና። የቀደድሁትም ልጄ ስለ ጠየቀኝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሩብ ሰዓት ያህል ተሰለፈ። ኳሷን ሁለት ጊዜ ብቻ ነካት፤ አንዷን ግን ለጓደኛው አሳምሮ አቀበላት። ጨዋታው ካበቃ በኋላ ከዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ ትንሹ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። ወደ እኔ ዘወር ሳይል መለሰላቸው።



ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከየካ፣ አዲስ አበባ